«ማን ሞተ?»፦ ለእናት ስለሚሰጥ አበባና መዓዛ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2013 ግንቦት 1 እሑድ ዋለ። ግንቦት ልደታና የፈረንጆቹ የእናቶች ቀን አንድ ላይ ገጠሙ። እኔም ነጫጭ አበባ አስጠቅልዬ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እማዬ ጋ ሄድኩ። ጎረቤቱ ብሎኩ ሥር ተሰብስቧል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ንፍሮው ቀርቧል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። አበባውን ሲያዩ ጨዋታው ቀጥ አለ። እማዬ ከዱካዋ ብድግ ብላ፣ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ማንም አልሞተም። «የእናቶች ቀን ስለሆነ ነው» ስል ሳቁ ግቢውን ሞላው። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «አይ የዘመኑ ልጅ፣ አበባ ይበላል እንዴ?» አሉ። እማዬ አበባውን ወስዳ ቡፌው ላይ፣ በፕላስቲኩ አበባና በሙዙ ሳህን መሃል አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን አንገቱን ደፋ።

ነገሩ ስለከነከነኝ ከዚያ ወዲህ አበባ ሻጭ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ አነባለሁ። ብዙ ነገር ተሳስቼ ኖሯል። እማዬም እንደዚያው።

«አበባ መስጠት የፈረንጅ ነገር ነው»

ይህን የምትለኝ እማዬ ናት። የሚገርመው፣ በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌን የምትጾመው፣ ማኅሌት ቆማ የምታድረውም እሷው ናት። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ ማንም አያስገድዳትም። በእነዚያ 40 ቀናት የሚዘመረው ስለ ምንድን ነው? ስለ አበባ! እመቤታችን በአበባ፣ ልጇ በፍሬ ይመሰላሉ። እናትና አበባን አንድ ላይ ማንሳት እኛ ጋ ከሴሎፎንና ከሪባን በፊት የነበረ ነገር ነው።

እንቁጣጣሽ ላይ ልጆች የሚያዞሩት የተሳለ አበባስ? ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ የሚያድሉት እርጥብ ሣርና አደይስ? የከተማዋን ስም እንኳ እቴጌ ጣይቱ ያወጡት ፍልውሃ አካባቢ ባዩት አበባ ነው ይባላል። ሰፈራችን ውስጥ «አበባ» እና «ጽጌ» ብላችሁ ብትጣሩ ስንት እናት «አቤት» እንደሚል ቁጠሩ።

ፈረንጅኛው ነገር ግንዱ የተቆረጠ፣ የተጠቀለለ፣ በዋጋ የሚሸጥ አበባ ብቻ ነው። እማዬን ያስደነገጣት እሱ ነው። እሷ ተጠቅልሎ የመጣ አበባ ያየችው መቃብር ላይ ነዋ።

«የእናቶች ቀንን የፈጠሩት አበባ ነጋዴዎች ናቸው»

አይደሉም። የጀመረችው አና ጃርቪስ የምትባል አሜሪካዊት ናት። በፈረንጆቹ 1908፣ ለሞተችው እናቷ መታሰቢያ ግራፍተን በምትባል ከተማ ወደሚገኝ ቤተ ክርስቲያን 500 ነጭ ካርኔሽን ላከች። ካርኔሽን የእናቷ ተወዳጅ አበባ ነበር። በ1914 ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን የሜይን ሁለተኛ እሑድ የእናቶች ቀን ብለው አወጁ። ነጋዴው የገባበት ከዚያ በኋላ ነው። አና ጃርቪስ ግን አልወደደችላቸውም። ቀኑን ገበያ አደረጋችሁት ብላ ከአበባ ሻጮችና ከካርድ አታሚዎች ጋር ዓመታት ሙሉ ተጣላች።

ያ እሑድ በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው ሳምንት ውስጥ ይውላል። ግንቦት ልደታ፣ የእመቤታችን የልደት ቀን፣ ደግሞ ግንቦት 1 ነው። ማንም አስቦበት አይመስለኝም። እንደ 2013ቱ ልክ በቀኑ የሚገጥሙት አንዳንዴ ነው፤ ቀጣዩ 2019 ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ኢትዮጵያውያን የእናቶችን ቀን አንትሮሽት ብለው ያከብራሉ» የሚል ወሬ ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። አንትሮሽት የጉራጌ እናቶች በዓል ነው። እማዬ ስሙን የሰማችው ከእኔ ነው።

«ነጭ አበባ የለቅሶ ነው፣ ቀይ የፍቅረኛ፣ ቢጫ የቅናት»

ይህ ዝርዝር በየስልኩ ይዞራል። ምንጩ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይና እንግሊዝ ውስጥ ይታተሙ የነበሩ የአበባ ትርጉም መጻሕፍት ናቸው። እነሱ ራሳቸው እርስ በርስ አይስማሙም ነበር። አንዱ ቅናት ያለውን ሌላው ወዳጅነት ይለዋል። ደግሞስ ለአዲስ አበባ ሰው ቢጫ አበባ እንዴት ቅናት ይሆናል? ቢጫ መስከረም ነው፣ አደይ ነው፣ የክረምቱ ማለቅ ነው።

ክሪሳንተመምን እዩት። ፈረንሳዮች የሙታን መታሰቢያ ሲደርስ መቃብር ላይ ያኖሩታል። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ያው አበባ የእናቶች ቀን አበባ ነው፤ ሜይ እነሱ ጋ መኸር ስለሆነ የሚያብበው ያኔ ነው። ነጩ ካርኔሽንም አሜሪካ ውስጥ ቀስ በቀስ እናቱ የሞተችበት ሰው ደረቱ ላይ የሚሰካው ሆነ፤ እናቱ በሕይወት ያለችለት ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ያደርጋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። የሙሽራ እቅፍ ነጭ ነው፣ ማንም አያለቅስም። አበባን የለቅሶ የሚያስመስለው ቀለሙ ሳይሆን ቅርጹ ነው። በክብ ጉንጉን ታስሮ ሪባን ከተጋደመበት፣ ቀይም ቢሆን እማዬ «ማን ሞተ?» ማለቷ አይቀርም። ልቅ አድርጋችሁ፣ በእጅ የተሰበሰበ አስመስላችሁ አሳስሩት።

«ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት»

ይህን የሚሉት በብዛት ሞስኮና ኪየቭ የተማሩ አባቶች ናቸው። እዚያ ሙሉ ቁጥር የሚሰጠው ለሟች ነው። እዚህ ስድስት ስጡ፣ አሥር ስጡ፣ ማንም አይቆጥርም።

«ጽጌረዳ ከሆነ ይሸታል»

ሁላችንም አበባ ስንቀበል መጀመሪያ የምናደርገው አፍንጫችንን መክተት ነው። ከዚያ... ምንም። እኔ ሻጩ ውሃ ነክሮ ያቆየው መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የሻጩ አይደለም።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ የምትልክ አገር ናት። ሆለታ፣ ሰበታና ዝዋይ የሚበቅለው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ውሎ አድሮ፣ ከዚያ አውሮፓ ውስጥ ማስቀመጫ ላይ ብዙ ቀን መቆም አለበት። ስለዚህ አዳቃዮቹ ለዓመታት የመረጡት ግንዱ ረጅም፣ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ቀለሙ የማይለቅ ዝርያ ነው። ሽታው በመንገድ ቀረ። በፈረንጆቹ 2015 ፈረንሳይ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለጽጌረዳ ሽታ ወሳኝ የሆነ አንድ ኢንዛይም ለይተው አወጡ። መዓዛ በሌላቸው ዝርያዎች ውስጥ ሥራው እጅግ የደከመ ሆኖ አገኙት። እኛ መሃል አዲስ አበባ የምንገዛውም ብዙውን ጊዜ ለኤክስፖርት የተዳቀለው ያው ዝርያ ነው።

ቅዝቃዜም ይጨመርበታል። ሽታ ማለት ከአበባው የሚተን ዘይት ነው። ከፍሪጅ የወጣ አበባ ቤት ውስጥ ትንሽ ሞቅ እስኪለው ያለውንም አያወጣም። እና ምን ይሻላል? ሱቅ ውስጥ ሳታፍሩ አሽትቱ፣ በተለይ ግማሽ የፈነዳውን። ሽታ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጠምበለል ያለበት ግቢ ፈልጉ። ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው፣ አንድ ዘለላ ቤቱን ያውደዋል። አጥር ላይ ሲንጠለጠል ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ቁረጡ እንጂ... ታሪኬን አልናገርም።

«ስኳር ጣል አድርግበት»

ስኳር አበባውን ይመግበዋል፣ ግን ውሃው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያም አብሮ ይመግባል። ባክቴሪያው ሲራባ ግንዱን ይደፍነዋል፣ አበባው ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ከሱቅ የሚሰጠው ዱቄት ስኳር ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያ የሚገድል ነገርና አሲድም ስላለበት ነው የሚሠራው። እሱ ከሌለ ባዶ ውሃ ይበቃል። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ግንዱን በስለታም ቢላ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል በሰያፍ ቁረጡት፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ግፈፉ።

የእማዬን አበባ የፈጀው ግን ሙዙ ይመስለኛል። የሚበስል ሙዝ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ፍሬን እንደሚያበስለው ሁሉ አበባንም ያስረጃል። ካርኔሽን ከሆነማ አይጣል ነው።

«መዓዛ ያለው ስጦታ ማለት ሽቶ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሽቶ ለእማዬ ገዝቼላት አውቃለሁ። ሳጥኑ ሳይከፈት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢዋ ሥር፣ «ለሰርግ» ተብሎ ተቀምጧል። የማን ሰርግ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እናቶቻችን ግን መዓዛ አያውቁም እንዳትሉ። ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? እማዬ ቅቤ ስታነጥር ኮሰረቱ ሳይገባ ደረጃው ላይ ቆማ ታውቃለች። ለፀጉሯ የምትፈልገው ቅቤ አደስ የገባበት ነው። የበዓል ዋዜማ ጠጅ ሳር ስትገዛ አንዱን ቅጠል በጣቷ አሽታ፣ አፍንጫዋ ሥር አድርጋ፣ «ይሄ የትናንት ነው» ብላ ትመልሳለች። ሻጯም አትከራከራትም።

እጣንም ልትገዙላት ትችላላችሁ፣ ግን መምረጥ ልመዱ። እጣን ከዛፍ ቅርፊት የሚፈስ ሙጫ ነው። ትግራይና መተማ አካባቢ ዛፉ እየተፋቀ ይሰበሰባል። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ፍሬው ትልልቅ፣ ነጣ ያለና ንጹሕ ነው። ደቃቁ፣ የጠቆረውና ቅርፊት የበዛበት ዝቅተኛው ደረጃ ነው። እኔ ደቃቁን ገዝቼ ሄጄ፣ እማዬ መዳፏ ላይ ዘርግታ አየችውና «ይሄ እኮ እንጨት ነው» አለችኝ።

ሽቶ ራሱ ከእኛ ጋር የድሮ ትውውቅ አለው። ከጥርኝ የሚወጣው ዝባድ በቀንድ እየታሸገ ከዚህ አገር ለዘመናት ይላክ ነበር፤ ሽቶ ቀማሚዎች መዓዛ ቶሎ እንዳይጠፋ ይጠቀሙበታል። አሁን አብዛኛው በፋብሪካ በሚሠራ ተተክቷል። እንስሳው ጠባብ ጎጆ ውስጥ ስለሚያዝ እኔ ዝባድ ግዙ አልልም።

«የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም»

የእጣን ጭስ ጭስ ነው። አስም ላለባት እናት፣ መስኮቱ በተዘጋ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ ከማንኛውም ጭስ አይሻልም። ለእንደዚህ ዓይነቷ እናት የማይጨስ መዓዛ ውሰዱ። ጤና አዳምም ቢሆን ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ሊያቃጥል ይችላል። ብዙ ከቆረጣችሁ እጃችሁን ታጠቡ። ነፍሰ ጡርም ብትተወው ይሻላል።

«እናቴ አበባ አትወድም»

እኔም እንደዚያ ብዬ ተውኩት። ከዚያ አምና ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ አንድ የጤና አዳም ችግኝ ገዛሁ። አበባ እንኳ አልነበረውም። እማዬ ምንም አላለችም። ቅጠሉን በጣቶቿ ጨመቅ አድርጋ አሸተተች፣ ከዚያ ባዶ የወተት ጣሳ ፈልጋ ሥሩን በምስማር በሳችው።

ዘንድሮ ግንቦት 1 ስሄድ ጣሳው ከበረንዳው ወርዶ ብሎኩ ሥር፣ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል። ችግኙ ቁጥቋጦ ሆኗል፣ ቢጫ አበባም አውጥቷል። «አበባ ይበላል እንዴ?» ያሉኝ ጎረቤታችን ስኒያቸው ውስጥ አንድ ዘለላ ነክረው ፉት ይላሉ። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ለእናቷ ልትወስድ ጎንበስ ብላለች። እማዬ ከዱካዋ ሳትነሳ ጮኸች፦

«ቀንጠስ አድርጊ እንጂ አትንቀይው! ልጄ ነው ያመጣልኝ!»