«ሐሳቤን ይሰርቁኛል» እና ሌሎችም፦ ፌስቲቫል ላይ ስለመተባበር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ የፊልም ፌስቲቫል ሲዘጋጅ ከኪሱ አውጥቶ የሚሠራ ሰው አንድ አጭር ፊልምና ብዙ ስጋት ይዞ ይመጣል። ከስጋቶቹ መካከል ልክ የሆኑ አሉ። እነዚህ ግን አይደሉም።

«ሐሳቤን ካወራሁ ይሰርቁኛል»

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈውን ወይም የተቀረጸውን ሥራ ነው። ጥበቃው ያለ ምዝገባም ሥራው ከተፈጠረ ጊዜ ጀምሮ ይጸናል። እንግዲህ አፍ ከመለጎም መጻፍ ይሻላል። ስክሪፕቱንና የአንድ ገጽ ማጠቃለያ በፒዲኤፍ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ፤ ጭቅጭቅ ቢነሣ ቀኑ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ አውሩ። ታሪኩን ሳይሰማ አብሬ ልሥራ የሚል ካሜራ ማን የለም።

«ጓደኛሞች ነን፣ ውል ምን ያደርጋል?»

ገንዘብ ያጣላናል ብላችሁ አትፍሩ፤ ገንዘቡማ የለም። የሚያጣላው ጥሬ ቀረጻው ያለበት ሃርድ ዲስክ ነው። አንዱ ቀርጾ ሌላው ኤዲት ሲያደርግ ዲስኩ አንድ ሰው ቤት ይቀራል፤ ስልክ መነሣት ያቆማል፤ ፊልሙም እዚያው ይሞታል። ስለዚህ በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ማታ ሁለት ቅጂ ይሠራ፤ ቅጂዎቹም በሁለት ቤት ይቀመጡ።

ከቀረጻ በፊት ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ነገር ይስፈር፦ ባለመብቱ ማን እንደሆነ፣ ሽልማት ቢገኝ እንዴት እንደሚካፈል፣ በክሬዲት ላይ የስም ቅደም ተከተል፣ የመጨረሻውን ቅጂ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ፣ አንዱ መሐል ላይ ቢተው ምን እንደሚሆን። ሁሉም ይፈርም። በርጫ ላይ የተጠነሰሰ ፊልም ከሆነማ ወረቀቱ ምርቃናው ሳይወርድ መጻፍ አለበት፤ ማታ ላይ የሚያስታውሰው አይገኝም።

«ላፕቶፔ ላይ ከሠራ አዳራሹም ውስጥ ይሠራል»

አይሠራም፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይሠራም። ፋት32 (FAT32) በሚባለው ፎርማት የተፎረመተ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በምትኩ ኤክስፋት (exFAT) የሚባለውን ፎርማት ይጠቀሙ። በሴኮንድ በ24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተሠራ የ10 ደቂቃ ፊልም በ25 ከተጫወተ 24 ሴኮንድ ቀድሞ ያልቃል። ስልክ ሲቀርጽ የፍሬም ፍጥነቱ ይለዋወጣል፤ ድምፁ በሌላ መቅጃ ተይዞ ከሆነ መጀመሪያ ላይ የገጠመው ከንፈርና ቃል መጨረሻ ላይ ይለያያል። መፍትሔው ኤዲቲንግ ከመጀመሩ በፊት ቪዲዮውን ወደ ቋሚ ፍጥነት መቀየር ነው።

ሰብታይትሉ (ከምስሉ ሥር የሚወጣው ጽሑፍ) የጥያቄ ምልክት ብቻ ካሳየ ፋይሉ የግዕዝን ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8 (UTF-8)፣ አልተቀመጠም። ባዶ ሳጥን ካሳየ ደግሞ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የለውም። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ለሁለቱም የሚሠራው መድኃኒት ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው።

ትብብር የሚታየውም እዚህ ጋ ነው። ከማሳያው በፊት ባለው ጠዋት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። አንዱ ፕሮጀክተሩ ጋ ይቁም፣ ሌላው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ የእያንዳንዱን ፊልም የመጀመሪያ፣ የመሐልና የመጨረሻ ደቂቃ ተመልከቱ። የራሱን ፊልም መቶ ጊዜ ያየ ሰው ንግግሩን በቃሉ ስለሚያውቀው ድምፁ እንዳነሰ አይሰማውም።

«ለፌስቲቫል ብቻ ስለሆነ ዘፈን በነጻ ይገባል»

ለሕዝብ ማሳየትም የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የሰፈራችሁን ክራር ተጫዋች ጠይቁ፤ ስሙንም ክሬዲት ላይ አስገቡ።

«ትውውቁ በመክፈቻው ምሽት ነው»

የመክፈቻው ምሽት የንግግርና የፎቶ ነው። ድሬ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ወደ ቤት ይሰበስባል፤ ከተማው የሚነቃው ወደ 10 ሰዓት ግድም ነው። ያኔ «ከዚራ» በሚባለው ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ ይዞ የሚቀመጥ ብዙ ነው። የሰውየውን ፊልም አይታችሁ ከሆነ ወሬው ራሱ ይጀምራል፤ የራሱን ፊልም ብቻ አሳይቶ የሚወጣ ሰው ግን የሚያወራው አያገኝም።

«የቋንቋችን ብዛት ሸክም ነው»

አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በአንድ ሰፈር የሚነገርበት ቦታ ሰብታይትል የሚለዋወጥበት ምቹ ገበያ ነው። አንዱ የሌላውን ፊልም ወደ ሶማሊኛ ሲመልስ፣ ሌላው የእሱን ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል። ተርጓሚው ጽሑፉን ብቻ ይንካ፤ ጽሑፉ መቼ ወጥቶ መቼ እንደሚጠፋ የሚናገሩትን የሰዓት ቁጥሮች አይነካካ። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ጽሑፍ ከሁለት መስመር አይለፍ። ተርጉሞ ሲጨርስም ቋንቋውን ብቻ የሚያውቅ፣ ታሪኩን ግን ያልሰማ ሰው ቁጭ ብሎ ይይለት።