ዌዘሪንግ ምንድን ነው? ዝናብ ነክቶት የማያውቅን ፉርጎ ማስረጀት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ከቦቴ ኋላ ይገባና መቅደም ያቅተዋል። ሌላው ተሳፋሪ ሰዓቱን ያያል። እኔ ቦቴውን አያለሁ። ከመሙያው ክዳን ሥር ጀምሮ ወደ ሆዱ የወረደ ጥቁር መስመር አለ። ናፍታ ሲሞላ የፈሰሰ ነው። መስመሩ ያብለጨልጫል፤ ዙሪያው ግን አቧራ ጠጥቶ ደብዝዟል። ረዳቱ እየረገጠ የሚወጣበት መሰላል ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ከታች ጎማው የረጨው ጭቃ ደርቆ ግራጫ ሆኗል። ይሄን ሁሉ በዓይኔ ይዤ ቤት እገባለሁ። ከዚያ 16 ሳንቲ ሜትር በምትሆን የፕላስቲክ ቦቴ ፉርጎ ላይ ልደግመው እቀመጣለሁ። ይሄ ሥራ ዌዘሪንግ ይባላል።

ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ሥሩም የአየር ጠባይ ነው። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ነፋስና አቧራ ሲፈራረቁበት አንድ ዕቃ ላይ የሚቀረው ምልክት ማለት ነው። ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ያንን ምልክት ሆን ብለው በእጃቸው ይሠሩታል። ከፋብሪካ እያብረቀረቀ የወጣ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ባለ ሞተሩ) ወይም ፉርጎ ዓመታት የለፋ እንዲመስል በቀለም፣ በዱቄትና በቫርኒሽ ይሠራል። እኔ በአማርኛ ማስረጀት እለዋለሁ። አብሮት የሚሄድ ሌላ ሥራም አለ። ፋብሪካው የተወውን ወይም አድበስብሶ ያለፈውን ነገር መጨመር ነው፤ የእጅ መያዣ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የመስታወት መጥረጊያ የመሳሰለውን። እሱን ዝርዝር ሥራ እንበለው።

መጠኑ ካልገባን የቀረው አይገባም። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መጠን ኤች ኦ ይባላል። እውነተኛው ለ87 ሲካፈል ማለት ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ይመጣል። የኤች ኦ ሐዲድ ስፋትም እሱው ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ ባቡር ግን የሚሄደው 1 ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ነበር። እሱን በዚሁ መጠን መሥራት የሚፈልግ ሰው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይይዛል። በዚህ ዓለም 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው ቁመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀለም 0.2 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ከተቀባ ደግሞ እውነተኛው ፉርጎ ላይ ከ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ልስን እንደመለሰን ነው።

ይሄን ሳላውቅ ነው የጀመርኩት። የአጎቴ ልጅ ከጀርመን አንዲት ቦቴ ፉርጎ ልኮልኝ ነበር። ያረጀ ነገር ቡኒ ነው ብዬ ቡኒ ቀለም ገዛሁና ዙሪያውን በብሩሽ ቀባኋት። ሲደርቅ ፉርጎዋ ምርግ የተመረገች መሰለች። የብሎኑን ረድፍ፣ የመሰላሉን እርከን፣ ቁጥሩን ሁሉ ቀለሙ ዋጠው። በጣም አዘንኩ።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ አውቃለሁ። ወስጄ አሳየኋቸው። ልጆቹ በቲነር እናጥበው ሲሉ እሳቸው ከለከሉ። «ፕላስቲክ ነው፤ ይበላዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቲነር እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ አንድ አሮጌ አይሱዙ ወሰዱኝና በሩን ከፈቱት።

«ልጄ፣ ዝገት ዝም ብሎ አይመጣም፤ መግቢያ ይፈልጋል» አሉኝ። በሩ ሥር ያለውን ጠርዝ በጣታቸው ነኩት። «ውሃው እዚህ ይተኛል። መውጫ የለውም። ከውስጥ ነው የሚበላው።» ከውጭ በኩል ቀለሙ እዚያው ቦታ ላይ አብጦ ነበር። እንደ እንጀራ ዓይን ጥቃቅን ሆኖ፣ አንዳንዱም ፈንድቶ። መያዣው ዙሪያ ቀለሙ ተልጧል፤ ግን አልዛገም። የሰው እጅ ሁልጊዜ ስለሚያሸው ብረቱ ይወለወላል። ማጠፊያው ላይ ዝገቱ ወፍራምና ጥቁር ቡኒ ነው። ከሱ ሥር የወረደው መስመር ግን ቀጭንና ብርቱካናማ ነው። የበሩ መሃል፣ ሰፊው ክፍል፣ ከአቧራና ከፀሐይ ግርጣት በቀር ምንም የለበትም። እኔ ደግሞ ፉርጎዋን ከሁሉ በላይ ቡኒ የቀባኋት መሃሏን ነበር።

«አብሽር፣ ይስተካከላል» ብለው ሸኙኝ።

ስለ ዌዘሪንግ የማውቀው ዋናው ነገር ከዚያ በር የመጣ ነው። እያንዳንዱ እድፍ ምክንያት አለው። ብረት እንዲዝግ ውሃና አየር ይፈልጋል፤ ቀለም ሁለቱን ይከለክላል። ስለዚህ ዝገት የሚጀምረው ቀለሙ ከተላጠበት፣ ከተበየደበት፣ ብሎን ከገባበትና ውሃ ከሚተኛበት ነው። ከዚያ ዝናቡ ዝገቱን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። የደሴን የቤት ቆርቆሮ ተመልከቱ። ዝገቱ የሚጀምረው ከምስማሩ ዙሪያና አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ከተደረበበት ነው። ከምስማሩ ወደ ታች መስመር ሠርቶ ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። አዲስ ዝገት ብርቱካናማ ነው፤ ሲቆይ ይጠቁራል። እኔም ስቀባ በጥቁር ቡኒ እጀምራለሁ፤ ቀይ ቡኒ አስከትላለሁ፤ ብርቱካናማውን በመጨረሻ፣ በጣም ትንሽ፣ መሃሉ ላይ ብቻ ነጥብ አደርጋለሁ። ብርቱካናማው ከበዛ ሥራው ይበላሻል።

ባቡር ከመኪና የሚለይበት የራሱ እድፍም አለው። ከታች፣ ጎማውና ጎማውን የያዘው ብረት ላይ፣ እንደ ቡና ዱቄት ያለ ቡኒ ልባስ ይቀመጣል። ፍሬን ሲያዝ የሚፈገፈገው ብረት ብናኝ ነው፤ ይዝግና እዚያው ይጣበቃል። የናፍታ ሎኮሞቲቭ ጣሪያው ላይ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ጥላሸት አለው። የኤሌክትሪኩ ጭስ የለውም፤ ግን ጣሪያው ንጹሕ አይደለም። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ላይ እንደሚሠሩት ያሉት ከሽቦ ኃይል የሚወስዱት ጣሪያቸው ላይ ባለ ክንድ ነው። ክንዱና ሽቦው ሲፋጩ የካርቦንና የመዳብ ብናኝ ይረግፋል፤ ጣሪያውን ያጠቁረዋል። የእንፋሎቱ ደግሞ ውሃ አፍልቶ ስለሚኖር እንፋሎት በሚያመልጥበት ሁሉ ነጭ መስመር ይወርድበታል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚቀረው ነጭ ልባስ ማለት ነው። ሲሚንቶ የሚጭን ፉርጎ ከአፉ ጀምሮ ግራጫ ይለብሳል። ዕቃው ምን እንደጫነ ሳይነገራችሁ ታውቃላችሁ።

አሠራሩ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ኮምፕሬሰርና ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጭ ትንሽ መርጫ) ያለው ሰው አቧራን በጣም ያምር አድርጎ ይነፋል፤ እኔ የለኝም፤ በብሩሽ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ ፉርጎውን በሳሙና አጥቤ አደርቃለሁ። የእጅ ቅባት ካለበት ቀለም አይዝም። ቀጥሎ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ። አዲስ ሞዴልን አሻንጉሊት የሚያስመስለው አብዛኛውን ጊዜ ብልጭታው ነው። እሱ ሲጠፋ ብቻ ግማሹ ሥራ እንዳለቀ ይሰማኛል፤ ቀለምና ዱቄትም ይይዛል።

ከዚያ ዕጣቢው ይመጣል። ጥቁር ቡኒ አክሪሊክ ቀለም በብዙ ውሃ ይቀጥናል፤ ከቀጭን ሻይ እስኪቀጥን። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይገባበታል። ያለ ሳሙናው ውሃው እየተንከባለለ ፕላስቲኩ ላይ ሊተኛ እምቢ ይላል። አንድ ጎን እቀባለሁ። ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች እጠርገዋለሁ። ወደ ጎን አንድ ጊዜ እንኳ አልስበውም፤ ዝናብ ወደ ጎን አይወርድማ። ቀለሙ ከሰፊው ላይ ይለቅና ጥጋጥጉ ውስጥ፣ ብሎኑ ሥር፣ በሩ ክፍተት ውስጥ ይቀራል። እውነተኛው ቆሻሻም የሚቀረው እዚያው ነው። ንጹሕ ጥቁር በጭራሽ አልጠቀምም፤ በዚህ መጠን ጥቁር ቀዳዳ ይመስላል። ጥቁር ግራጫ ይበቃል።

ጠርዝ ለማውጣት ብሩሹን ቀለም ነክሬ ሶፍት ላይ እጠርገዋለሁ፤ የቀረ ነገር የሌለ እስኪመስል። ከዚያ ጠርዙን እየነካሁ አልፋለሁ። ለተላጠ ቀለም ደግሞ የሳህን ማጠቢያ ስፖንጅ እቀድና በጥግ በጥጉ ነካ ነካ አደርጋለሁ። እጄ ከሚሠራው ነጥብ ስፖንጁ የሚጥለው የተሻለ ነው፤ ሁለት ነጥብ እኩል አይሆንለትም።

ጨውም አለ። መጀመሪያ ፉርጎውን የዝገት ቀለም ትቀቡታላችሁ። ሲደርቅ እንዲላጥ በፈለጋችሁት ቦታ ላይ ውሃ ታስነኩና የቤት ጨው ትበትናላችሁ። ጨው ሲደርቅ ላዩ ላይ የፉርጎውን ቀለም ትቀባላችሁ። በመጨረሻ ጨዉን በእርጥብ ብሩሽ ስታራግፉት ከሥሩ ዝገቱ ይወጣል። ደቃቁንም ሻካራውንም ጨው ቀላቅሉት። እኩል እኩል ከሆነ ተንኮሉ ይታያል።

አቧራው ዱቄት ነው። ጠመኔ በቢላ ይፋቃል። ከቡና ማፍያ የተረፈ ከሰል ይወቀጥና በቀጭን ጨርቅ ይነፋል፤ ከእሱ የተሻለ ጥላሸት አላየሁም። ከአሮጌ ብረት የተፋቀ እውነተኛ ዝገትም ፉርጎ ላይ ይሠራል። ሎኮሞቲቭ ላይ ግን አላስጠጋውም፤ ብናኙ ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ካለ የሞተሩ ማግኔት ይስበዋል። ከሰሉን ስትወቅጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ሎኮሞቲቭ ላይ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሞዴሉ መብራት የሚያገኘው ከሐዲዱ በብረት ጎማው በኩል ነው፤ የተለመደው እስከ 12 ቮልት ነው። ሐዲዱን የሚነካው የጎማ ክፍል ላይ ቀለም ካረፈ ባቡሩ ይቆማል። ደስ የሚለው፣ እውነተኛው ጎማም እዚያ ቦታ ላይ አይቆሽሽም። ሐዲዱ ሌት ተቀን እየወለወለው እንደ መስታወት ያበራል።

ዝርዝር ሥራው ትዕግሥት ብቻ ነው። ፋብሪካው የእጅ መያዣውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ያወጣዋል፤ መስመር ይመስላል እንጂ መያዣ አይመስልም። በምላጭ ይፋቅና በሁለቱ ጫፍ በመርፌ ይበሳል፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ታጥፎ ይገባል። በ87 ስናባዛው 2.6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በእጅ ለሚጨበጥ ብረት ልኩ ነው። እኔ ሽቦውን የማገኘው ሞተር ከሚጠመጥም ልጅ ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ሲፈታ የሚጥለው ነው። የፍሬን ቱቦ ከቀጭን ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ ይወጣል። መስኮቱ ውስጥ ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ሹፌር ማስቀመጥ አትርሱ። ባዶ ሎኮሞቲቭ ሲሄድ ማየት ደስ አይልም።

እናቴ ይሄ ነገር አይዋጥላትም ነበር። «ሰው አዲስ ልኮልህ ታስረጀዋለህ?» ትለኛለች። አንድ ቀን ቡና እያፈላች «እስኪ ጀበናሽን እይው» አልኳት። ቂጡ ጥላሸት ነው። ከአፉ ሥር ቡናው የወረደበት መስመር አለ። «አንገቱስ?» አለችኝ እሷ፣ ጀበናውን ወደ ብርሃኑ እያዞረች። አንገቱ ያበራል። «እጅ ነው እሱ። ስንት ዓመት ይዤዋለሁ።» ያንን እኔ አላየሁትም ነበር። በዚያ ሳምንት የሎኮሞቲቬን የእጅ መያዣዎች መሃላቸውን በእርሳስ ጥቁሩ ጫፍ አሸኋቸው፤ ብረት ሆኑ።

ጥያቄዋ ግን መልስ ይገባዋል። ሞዴልን እንደ ቅርስ በካርቶኑ የሚያስቀምጥ ሰብሳቢ አለ። ለእሱ የተነካ ዕቃ ዋጋው ይወርዳል። ልትሸጡት ካሰባችሁ አትንኩት። እኔ የምሠራው ሲሄድ ላየው ነው።

መጀመር የፈለገ ሰው ርካሽ ፉርጎ ይያዝ። አንዱን ጎን ብቻ ሠርቶ ሌላውን ይተወው፤ እያገላበጠ ሲያየው የበዛውን ይለያል። ፊት ለፊቱ የእውነተኛ ፉርጎ ፎቶ ይኑር፤ የባቡር ከሌለ የቆመ ከባድ መኪና ይበቃል፤ እሱ በኮምቦልቻ አይጠፋም። ዱቄቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ በማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ከሩቅ፣ በስሱ ይታሸግ። ቫርኒሹ ዱቄቱን ትንሽ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ከሚፈለገው በላይ ጣል ማድረግ ነው።

ቦቴዋን እንደገና ሠራኋት። ቡኒው በብርጭቆ ወረቀትና በብዙ ቀናት ተነሳ፤ ቁጥሩ አብሮ ሄደ፤ አዲስ ጻፍኩላት። ከታሸገች በኋላ አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። የሚያብለጨልጨውን ቫርኒሽ ከጥቂት ጥቁር ቡኒ ጋር ቀላቅዬ በቀጭኑ ብሩሽ ከመሙያው ክዳን ሥር አንድ መስመር ወደ ሆዷ አወረድኩ። መስመሯ ብቻ እንዳበራች ትቀራለች። ናፍታ ገና አልደረቀም።