ቀጣሪ ከሜታለርጂ ምሩቅ ምን ይፈልጋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምሠራው ፌሮ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ጥራት ክፍል። አዲስ የሜታለርጂ፣ ማለትም የብረታ ብረት ምህንድስና፣ ምሩቅ ሲቀጠር ከፈታኞቹ አንዱ እኔ ነኝ። የሚመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው። ዓመታት ለፍተዋል፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈዋል። ግን ብዙዎቹ የሚዘጋጁት ቀጣሪ ይፈልገዋል ብለው ለገመቱት ነገር ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሌላ ነው። ጥሩ ልጅ በዚህ ምክንያት ሲያመልጠን በጣም ይቆጨኛል። ስለዚህ በየጊዜው የሚያጋጥሙኝን አመለካከቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«ሜታለርጂስት የሚል ማስታወቂያ የለም፤ ስለዚህ ሥራ የለም»

ማስታወቂያው እንደልብ አለመገኘቱ እውነት ነው። ሥራው ግን አለ፤ ስሙ ነው ሌላ። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው «ጥራት ተቆጣጣሪ»፣ «የላብራቶሪ ባለሙያ»፣ «የሺፍት ኃላፊ» ተብሎ ነው። የትምህርት ዓይነት የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ «ሜካኒካል ምህንድስና ወይም ተዛማጅ» ይላል። «ተዛማጅ» የምትለዋን ቃል አትለፏት፤ የእናንተ በር እሷ ናት።

ቦታውም ብረት ፋብሪካ ብቻ አይደለም። እንደ ለገደንቢ ባለ የወርቅ ማዕድን ወርቁን ከተፈጨ ድንጋይ ለይቶ ማውጣት ራሱ ሜታለርጂ ነው። ስኳር ፋብሪካና ሲሚንቶ ፋብሪካም ብረት ይበላሉ። ድንጋይ መፍጫው ላይ ያለውን መዶሻ እንውሰድ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንግሊዛዊው የብረት ባለሙያ ሮበርት ሀድፊልድ በ1882 እ.ኤ.አ. ካገኘው ማንጋኒዝ ስቲል ነው። ውስጡ ከ11 እስከ 14 በመቶ ገደማ ማንጋኒዝ አለ። ይህ ብረት ልዩ ጠባይ አለው፤ በተመታ ቁጥር ላዩ ይጠነክራል። ሳይመታ ዝም ብሎ አሸዋ ቢፈትገው ግን አይጠነክርም፤ ቶሎ ያልቃል። «ጠንካራ ነው ተብሏል» ብሎ ምት በሌለበት ቦታ የገጠመው ፋብሪካ ገንዘቡን በየወሩ ያፈሳል። ይህን አይቶ የሚናገር ምሩቅ ደሞዙን በአንድ መለዋወጫ ግዢ ይመልሳል።

«ጂፒኤ ነው የሚወስነው»

ጂፒኤ ለፈተና ያስጠራችኋል። ከዚያ በኋላ ብዙም አይነሳም።

እኔ ለፈተና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዤ እገባለሁ፤ የተሰበረ ቡሎን። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና «ይሄ ለምን ተሰበረ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ልጅ ቡሎኑን ሳይነካ መልስ ይጀምራል። «ከአቅም በላይ ጭነት» ይላል። «ጥራት የሌለው ብረት» ይላል። መልሱ ያለው ግን የተሰበረው ፊት ላይ ነው። ስንጥቁ ከጥርሱ ሥር ከአንድ ነጥብ ይነሳል። ከዚያ ጠጠር ውሃ ላይ ሲወድቅ እንደሚሠራው ክብ እየሰፉ የሚሄዱ ለስላሳ መስመሮች አሉ። ዳር ላይ ደግሞ ሻካራ የሆነ ትንሽ ቦታ አለ። ይህ በአንድ ቀን የተሰበረ ቡሎን አይደለም። ስንጥቁ ጥቂት በጥቂት ሲያድግ ቆይቶ፣ የቀረችው ትንሽ ቦታ ጭነቱን መሸከም ሲያቅታት ነው የተበጠሰው። የብረት ድካም የምንለው ይህ ነው። ሻካራው ቦታ ትንሽ መሆኑ ደግሞ ጭነቱ ያን ያህል ከባድ እንዳልነበረ ይናገራል። እና ጥፋቱ የጭነት ላይሆን ይችላል፤ በደንብ ያልጠበቀ ቡሎንም እንዲህ ይሰበራል።

መልሱን ባታውቁትም ችግር የለም። ቡሎኑን አንስቶ፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «የት ነበር የተገጠመው? ስንት ጊዜ ሠራ?» የሚለኝን ልጅ ነው የምፈልገው።

«ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር መመዝገብ ይበቃል»

ላብራቶሪ ውስጥ ስፔክትሮሜትር አለ፤ ብረቱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ የሚለካ ማሽን ነው። ናሙናውን ትሞርዳላችሁ፣ ትጭናላችሁ፣ ብልጭ ይላል፣ ካርቦኑ ይህን ያህል ብሎ ያወጣል። ቁልፉን መጫን ማንንም በአንድ ቀን ማስተማር ይቻላል። የምንከፍለው ቁጥሩን ለሚጠራጠር ሰው ነው። ብልጭታው ያረፈበትን ነጥብ እዩት። መሃሉ በደንብ ተቃጥሎ ዙሪያው ጠቆር ያለ ቀለበት ካለው ጥሩ ነው። ነጣ ብሎ ከተበተነ ግን ብልጭታው የሚነሳበት ጋዝ፣ አርጎኑ፣ ንጹሕ አይደለም፣ ወይም ናሙናው ውስጡ ባዶ ቀዳዳ አለው፣ ወይም በደንብ አልገጠመም። ያንን ቁጥር መጻፍ ውሸት መጻፍ ነው። ከአንድ ናሙና ሁለት የተራራቀ ውጤት ሲወጣ አማካዩን ወስዶ የሚያልፍ ልጅ ያስፈራኛል።

«ቲዎሪው ሥራ ላይ አይጠቅምም»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ነባር ሠራተኞች ናቸው። ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ የቀለጠ ብረት ቀለሙን አይተው ሙቀቱን ይገምታሉ። በዚህ ነገር ግን አልስማማም።

አንድ ጊዜ ደንበኛ ፌሮ መልሶ አመጣ። «ታጠፈ፣ አቅም የለውም» አለ። መጋዘን ያለውን የዚያኑ ምርት ስንፈትሸው ደህና ነው። አዲስ የተቀጠረች ልጅ የመጣውን ፌሮ ቆረጠችው። ፊቱን አለሰለሰችና ናይታል ቀባችው፤ ትንሽ ናይትሪክ አሲድ ያለው አልኮል ነው። ዛሬ በብዛት የሚመረተው ፌሮ ከመዳመጫው ቀይ ሆኖ ሲወጣ ውሃ ስለሚረጭበት ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ገር ይሆናል። በናይታል ሲታይ ዙሪያው ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት በዓይን ይታያል። በመጣው ፌሮ ላይ ግን መታጠፊያው ጋ ቀለበቱ የለም፤ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ሲቆረጥ አለ። ሳይት ላይ በእሳት አግለው ነበር ያጠፉት። ያ ሙቀት የላዩን ጥንካሬ አጠፋው። ጉዳዩ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ልጅቷ የሠራችው ክፍል ውስጥ የተማረችውን ነው።

መዳብም እንዲሁ ነው። ከቁራሌው በሚመጣው ውዳቂ ውስጥ የዲናሞና የስታርተር መዳብ ተቀላቅሎ ይገባል። አንዴ ከቀለጠ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቀላል። መዳብ ኦክስጅን የሚፈልገው ከብረት ባነሰ ስለሆነ እሱ ሳይቃጠል ብረቱ ይቃጠላል። መጠኑ ሲበዛ ብረቱ በጋለበት ሲዳመጥ ላዩ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ምድጃው ጋ የለም፤ ግቢ ውስጥ ውዳቂው ሲለይ ነው። ይህን የሚያውቅ ኢንጂነር ጠዋት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ክምሩ ነው።

«ሴፍቲ የሴፍቲ ክፍል ሥራ ነው»

ስለዚህኛው ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የቀለጠ ብረት 1600 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ የያዘ ውዳቂ ከሥሩ ከገባ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ መጠኑም ከሺህ እጥፍ በላይ ይሰፋል። ብረቱን ወደ ላይ ይረጨዋል። የታሸገ ሲሊንደርም እንደ ቦንብ ነው። ዝናብ የመታው ክምር በቀጥታ ሊጫን ሲል «አቁሙ» የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ ሺፍቱ ቢዘገይም፣ አለቃው ቢቆጣም። በፈተና ላይ ይህን እጠይቃለሁ። «ኃላፊውን አማክሬ» የሚል መልስ አያሳልፍም። መጀመሪያ ይቆማል፤ ምክክሩ ከዚያ በኋላ ነው።

«ዓረብ አገር ዲግሪው ይበቃል»

አይበቃም። ባሕረ ሰላጤው ላይ ያሉ የነዳጅና የጋዝ ሥራዎች የሚጠይቁት የምርመራ የምስክር ወረቀት ነው። ብረቱን ሳይሰብሩ በአልትራሳውንድ ወይም በኤክስሬይ የመመርመር የምስክር ወረቀት አይኤስኦ 9712 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በሦስት ደረጃ ይሰጣል። ሌቭል 2 ያለው ሰው ራሱ ይመረምራል፣ ውጤቱንም ራሱ ይተረጉማል። የአውሮፕላን ጥገና ደግሞ የራሱ ሌላ መስፈርት አለው።

«0 ዓመት ልምድ ማለት ባዶ እጅ ማለት ነው»

ኢንተርንሺፕ ላይ ብዙዎች ሪፖርት ኮፒ አድርገው ይመለሳሉ። ያሳዝናል። የፋብሪካው ስም ያለበት ደብዳቤ ለእኛ ብዙም አይነግረንም። ምን አይታችኋል? ምን ተበላሽቶ ነበር?

ባለፈው አንዲት ልጅ ፌስታል ይዛ ገባች። አራት የተሰበሩ ዕቃዎች አወጣች፤ አንድ የባሌስትራ ቅጠል፣ አንድ ጊር፣ ሁለት ቡሎን። ሰፈሯ ካለ ጋራዥ ለምና ያገኘቻቸው ናቸው። እያንዳንዱ ላይ ወረቀት አስራለች፤ ከየትኛው መኪና እንደወጣ፣ ስንት ወር እንደሠራ፣ እሷ ምን ብላ እንደገመተች። የባሌስትራውን ግምት ተሳስታለች። በእሱ ላይ ስንከራከር የሚቀጥለው ተፈታኝ ውጭ አንድ ሰዓት ጠበቀ።