«ፕራይቬሲ የፈረንጅ ነው» ለምትሉኝ

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ውስጥ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ካሉ ተማሪዎች ጋር እንቀመጣለን። የኮምፒውተር መምህር ነኝ፤ ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። ዘንድሮ የመረጥነው ርዕስ ፕራይቬሲ፣ ማለትም የግል ሕይወትንና የግል መረጃን መጠበቅ ነው። ሕጉ በየአገሩ ምን ይላል? ባህሉስ? ተማሪዎቹ አገር ተከፋፍለው ያነባሉ፣ መጥተው ይከራከራሉ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። እኔን የሰለቸኝ ሌላ ነው። ከወላጅ፣ ከመምህራን ክፍል፣ አንዳንዴም ከራሳቸው ከልጆቹ የምሰማቸው ያው የተለመዱ አባባሎች አሉ። ከአሥር ዓመት በላይ ሰማኋቸው። ዛሬ መልስ ልስጥ።

«በኛ ባህል ፕራይቬሲ የሚባል ነገር የለም»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው፦ ወሎዬ ቤቱ ክፍት ነው፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተጠራርቶ ይበላል፤ ስለዚህ የግል የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣ ነው። አንድ ተማሪዬ አይጠየፍ አዳራሽን ሳይቀር ማስረጃ አድርጎ አቀረበልኝ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው፤ ስሙ ራሱ ማንንም አይጠየፍም ይላል።

አብረን እንበላለን፣ ልክ ነው። ግን አብሮ መብላት ሌላ፣ የሰው ገመና መዝራት ሌላ። በድሮው ግብር እኮ ትልቅ ሰው ሲበላና ሲጠጣ በመጋረጃ ወይም በሸማ ይከለል ነበር። አዳራሹ ክፍት ሆኖ መጋረጃም ነበረ። ሁለቱም የኛው ናቸው።

ቋንቋችንንም ስሙት። ገመና የሚል ቃል አለን። ገመና ወንጀል አይደለም። ሕመም ነው፣ የቤት ችግር ነው፣ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው። «ገመናዬን ሸፈነልኝ» የሚል ሰው ጥፋቴን ደበቀልኝ ማለቱ አይደለም፤ ክብሬን ጠበቀልኝ ማለቱ ነው። ሃይማኖቱም ከዚሁ ጋር ነው። ቁርኣን በ24ኛው ምዕራፍ ሳታስፈቅዱና ሰላምታ ሳታቀርቡ ሰው ቤት አትግቡ ይላል። በ49ኛው ደግሞ የሰውን ነውር አትከታተሉ ይላል። ክርስቲያኑም ለነፍስ አባቱ የተናዘዘው እዚያው እንደሚቀር አምኖ ነው የሚናዘዘው።

ከተማሪዎቼ አንዷ የነገረችንን ላካፍላችሁ። ኮምቦልቻ የዘመድ ሠርግ ነበር። ሴቶቹ ለብቻቸው በአንድ ክፍል ይጨፍራሉ፤ ሻሻቸውን አውልቀዋል፣ ወንድ የለም። አንዷ በስልኳ ቀረጸችና ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። በሦስተኛው ቀን ቪዲዮው የማያውቁት ሰው ስልክ ላይ ተገኘ። ከጨፋሪዎቹ አንዲቷ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። የቀረጸችው ልጅ «ደስታ ነው እኮ፣ ምን ችግር አለው?» አለች። አያትየው የመለሱላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ እዚያ ቤት ገብተሽ ያየሽው አደራ ነበር።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ለአንድ ዓላማ የሰበሰባችሁትን መረጃ ለሌላ ዓላማ አታውሉት ይላል። ይህን ለማስረዳት ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኝ ነበር። እኒያ አያት በአንድ ቃል ጨረሱት። ባንክ ስልክ ቁጥርህን ሲወስድ፣ ሆስፒታል ካርድህን ሲያስቀምጥ፣ ጓደኛህ ፎቶህን ሲይዝ አደራ ነው የያዙት። አደራ የሚበላ ሰው ደግሞ በኛ አገር ምን ስም እንዳለው ሁሉም ያውቃል።

ሕንድን ያነበበው ቡድን ተመሳሳይ ክርክር አገኘ። እዚያም የግል ሕይወት የሀብታም ቅንጦት ነው፣ ደሀው የሚያስፈልገው እንጀራ ነው ተብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተውበታል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 በአንድ ድምፅ መልስ ሰጡ፤ መሠረታዊ መብት ነው፣ የደሀውም ነው አሉ። ክርክሩ የተነሳው አዳሃር ከሚባለው የሕንድ ዲጂታል መታወቂያ ጋር ተያይዞ ነው። እኛም የፋይዳ መታወቂያ አለን፤ አሻራና የዓይን ብሌን ሰጥተን ነው የምናወጣው። ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም።

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም»

ሽንት ቤት ስትገባ በር ትዘጋለህ። ወንጀል ልትሠራ ነው?

የሆላንድን ታሪክ ያቀረበችው የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት። አገሪቱ በጀርመን ከመያዟ በፊት የሕዝብ መዝገቧ የታወቀ ነበር፤ ስም፣ አድራሻ፣ ሃይማኖት። ያኔ ማንም ክፉ አላሰበም። ናዚዎች ሲገቡ ያው መዝገብ አይሁዶችን እያደኑ ለመውሰድ አገለገለ። አርበኞቹ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 የአምስተርዳምን መዝገብ ቤት በእሳት ሊያጠፉት ሞከሩ፤ አብዛኛው ካርድ ግን ተረፈ። እነዚያ ሰዎች ሲመዘገቡ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም።

ደግሞም ስልክህ ውስጥ ያለው ያንተ ብቻ አይደለም። የእናትህ ቁጥር አለ፣ የጓደኛህ ምስጢር አለ። የምትደብቀው ባይኖርህም የምትጠብቀው አለህ።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ሕግ የለም»

አለ። አዲስም አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ኢንተርኔት ሳይኖር ማለት ነው! እርግጥ ለባለሥልጣን፣ ለፍርድ ሥራ፣ በአደባባይ ለተደረገ ነገር የተለየ አስተያየት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ቤትህን፣ ደብዳቤህን፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትህን ይጠብቃል። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የክበቡን ልጆች ፎቶ ሳልጠይቅ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። አንዲት እናት መጡ። ከአባትየው ጋር ተጣልተው፣ የት እንደሚኖሩ እንዳይታወቅ ሰፈር ቀይረው ነበር። ፎቶው ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ይነበባል። እሳቸው አልጮሁም፣ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንቀጹን የማውቀው ሰው ነኝ እኮ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አንድም ፎቶ አልለጠፍኩም።

«የአውሮፓው ሕግ ለአውሮፓ ዜጋ ብቻ ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ሕግ ዜግነት አይጠይቅም። ከደሴ ሄዶ ጀርመን የሚማር ልጅንም ይጠብቀዋል።

«የለጠፍኩትን ካጠፋሁት ጠፋ»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስክሪንሾት ያነሳ ሰው አለ።

«ቴሌግራም ላይ የምንጽፈውን ከእኛ በቀር ማንም ሊያነበው አይችልም»

ሴክሬት ቻት የሚለውን ካልከፈታችሁ ተራው ቻትና ግሩፑ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም፤ ኩባንያው ራሱ ሊከፍተው ይችላል።

«ተማሪ ይሄን አንብቦ ምን ሊያመጣ?»

ይሄንን የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ለፈተና አይመጣም ይላሉ።

ማክስ ሽሬምስ የሚባል ኦስትሪያዊ የሕግ ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ፌስቡክን ስለ እኔ የያዝከውን መረጃ ስጠኝ ብሎ ጠየቀ። ከ1,200 ገጽ በላይ ደረሰው፤ አጠፋሁት ያለው ጭምር ነበረበት። ከዚያ የፌስቡክ የአውሮፓ መሥሪያ ቤት ባለበት በአየርላንድ አቤቱታ አስገባ፣ ነገሩም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓውያን መረጃ ወደ አሜሪካ የሚሄድበትን ስምምነት ሻረው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በምትኩ የመጣውን ስምምነት ሻረ። የሁሉም መነሻ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው።

የኛዎቹ ጀማሪዎች ናቸው፤ የጀመሩት ግን ከሰፈራቸው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቶችን ዞረው አዩ። አንዱ ቤት ኮምፒውተር ላይ የማያውቁት ሰው መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የሕክምና ወረቀት ዴስክቶፑ ላይ ተዘርግቶ አገኙ። ደንበኛው በቴሌግራም ይልካል፣ የሱቁ ልጅ ያወርዳል፣ ያትማል፣ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ የመጣው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየዋል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ወረቀት ስታሳትሙ እስኪያልቅ ከአጠገቡ አትራቁ። ፋይሉን አስጠፉት፤ የጠፋ ፋይል የሚጠራቀምበትን ሪሳይክል ቢን የሚባለውንም ባዶ አስደርጉት። የቴሌግራም መልእክቱን ከሁለቱም ወገን አጥፉት። በሱቁ ኮምፒውተር የራሳችሁን አካውንት ከከፈታችሁ ሳትዘጉ እንዳትነሱ። ቴሌግራማችሁ ላይ ሁለተኛ ፓስወርድ አስገቡ፤ ሁለት ደቂቃ ነው። በስልክ የመጣላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትንገሩ፣ ከባንክ ነኝ ቢልም። ስልክ ለጥገና ስትሰጡ ሲምና ሜሞሪ ካርዱን አውጡ። የልጆቻችሁን ሰርተፍኬት ስትለጥፉ ቁጥሩን ሸፍኑት። አያትን፣ አክስትን ከመለጠፋችሁ በፊት «ልለጥፈው?» በሏቸው። እምቢ ካሉ አትከራከሯቸው።

ተማሪዎቹ ወደዚያ ሱቅ ተመልሰው ባለቤቱን አነጋገሩት። መጀመሪያ ከሳሽ መስለውት ተቆጣ። አንዷ ልጅ የእኅቱን መታወቂያ ከፋይሎቹ መሃል አሳየችው። ዝም ብሎ ወንበሩን ሳበና አብረው ማጥፋት ጀመሩ። አሁን ማታ ሳይዘጋ በፊት ያጸዳዋል። ከአታሚው በላይም ልጆቹ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ተለጥፏል፦ «ፋይልዎ አደራ ነው፤ ሳያስጠፉ አይሂዱ።»