ሴፍቲኔት እና የድርቅ እርዳታ ለምን ይለያያሉ?

በማለዳ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንሄድ ረጅም መጥረጊያ ይዘው፣ ሻሻቸውን እስከ አፍንጫቸው ጠምጥመው አስፋልት የሚጠርጉ እናቶችን እናያለን። ብዙዎቻችን «ሴፍቲኔት» የሚለውን ቃል፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች በአብዛኛው በሥራ ምትክ የሚሰጠውን ድጋፍ፣ የምናውቀው በእነሱ ነው። የከተማው ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. የመጣ ሲሆን ታላቁ፣ የገጠሩ፣ በ1997 ዓ.ም. ተጀምሯል።

ግራ የሚያጋባው ከድርቅ እርዳታ ጋር መቀላቀሉ ነው። ቀድሞ ዝናብ ሲቀር የእርዳታ ጥሪ ይወጣል፤ እህሉ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ በሬው ከተሸጠ በኋላ ነበር። በሬ የሸጠ ሰው ደግሞ በቀጣዩ ክረምት ዝናቡ ቢመጣም በምን ያርሳል? ሴፍቲኔት የታሰበው ዝናብ በጣለበት ዓመት እንኳ ለወራት ለሚራብ ቤተሰብ ነው። ድጋፉ አስቀድሞ የታወቀ እንዲሆን ተደረገ፤ በእኔ እምነት የፖሊሲው ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው።

የገጠሩ አሠራር እንዲህ ነው፦ ጉልበት ያለው ቤተሰብ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። በመነሻው ስሌት ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይሠራለታል፤ የቀኑ ክፍያ 3 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኝ ገንዘብ ነው፤ በወር 15 ኪሎ መሆኑ ነው። አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ይቀበላሉ፤ ይህ «ቀጥታ ድጋፍ» ይባላል።

«ተመረቀ» ሲባል ደግሞ ቤተሰቡ ራሱን ስለቻለ ከፕሮግራሙ ወጣ ማለት ነው። ጥሪት ሳይቋጥር ስሙ ከመዝገብ የተሰረዘ ሰው ግን አልተመረቀም፤ ተቋረጠበት እንጂ።