ማኅበራዊ ፖሊሲ ምንድን ነው? ጤናና መኖሪያ ቤትስ ለምን አብረው ይጠናሉ?

አንድ ሕፃን በሳል ተይዞ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒት ያዝለታል፣ ሕፃኑም በሳምንቱ ይሻለዋል፤ ወር ሳይሞላ ግን እናቱ በዚያው ሕመም መልሳ አዝላው ትመጣለች። ቤታቸው መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ናት። ወጡም ቡናውም የሚሠራው እዚያችው ውስጥ በከሰል ነው፤ አምስት ሰው በአንድ አልጋና ማታ ማታ በምትዘረጋ ፍራሽ ላይ ያድራል፤ ክረምት ሲገባ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ በሳፋ ይጠራቀማል። ሐኪሙ ሳሉን ያክማል እንጂ ክፍሉን ማከም አይችልም። ያ ክፍል ለምን እንዲህ ሆኖ ቀረ፣ ማን ሊያድሰው ይገባ ነበር፣ በየትኛው ሕግና በየትኛው በጀት የሚሉትን ጥያቄዎች የሚያነሣው የትምህርት ዘርፍ ማኅበራዊ ፖሊሲ ይባላል።

ቃሉ ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ድርጊቱ ራሱ ነው፤ ይኸውም መንግሥት በጤና፣ በትምህርት፣ በመኖሪያ ቤት፣ በጡረታና በችግረኞች ድጋፍ ረገድ የሚያወጣው ሕግ፣ የሚመድበው ገንዘብና የሚያቋቁመው አገልግሎት ነው። ሁለተኛው ይህንኑ ድርጊት የሚመረምረው የኮሌጅ ትምህርት ሲሆን ከኢኮኖሚክስ፣ ከሶሺዮሎጂ፣ ከሕግ፣ ከታሪክና ከስታቲስቲክስ እየተዋሰ የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል፦ ማን ምን ያገኛል፣ በምን መብት ያገኛል፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? ብዙዎች ከሶሻል ወርክ ጋር ያምታቱታል። ሶሻል ወርከሩ ያችን እናት አግኝቶ፣ ችግሯን ሰምቶ፣ እርዳታ ወደምታገኝበት ቦታ ያደርሳታል። የማኅበራዊ ፖሊሲ ተማሪ ደግሞ በዚያው ሰፈር እንደ እርሷ ያሉ እናቶች ለምን እንደበዙ ይጠይቃል።

ጤናንና መኖሪያ ቤትን አንድ ላይ የማጥናት ልማድ የቆየ ነው። የሕዝብ ጤና ማሻሻያ አራማጅ የነበረው ኤድዊን ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1842 በእንግሊዝ ስለ ሠራተኛው ሕዝብ የንጽሕና ሁኔታ ባወጣው ሪፖርት ሰዎች በአማካይ በስንት ዓመታቸው እንደሚሞቱ በየቦታውና በየመደቡ አነጻጽሮ ነበር። በፋብሪካዋ ከተማ በማንችስተር የሠራተኛ ቤተሰቦች አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት፣ የባለጸጎቹ 38 ነበር፤ በገጠሩ በራትላንድ ግን የሠራተኞቹ 38፣ የባለጸጎቹ 52 ሆኖ ተገኘ። ቁጥሮቹን ዝቅ ያደረጋቸው በአብዛኛው የሕፃናት ሞት ነው። እኔ ይህን ሠንጠረዥ ለጀማሪ ተማሪ ከማሳየው ነገር ሁሉ አስቀድመዋለሁ፤ ምክንያቱም የማንችስተሩ ባለጸጋ ገንዘብ እያለው ከራትላንድ የቀን ሠራተኛ የበለጠ ዕድሜ አላገኘም። ፍሳሽ የሚወርድበት መንገድና የተጨናነቀ ሰፈር የሀብታሙንም ደጅ ያንኳኳል ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1848፣ አገሪቱ የመጀመሪያውን የሕዝብ ጤና አዋጅ አወጣች።

ቀጥሎ የሚነሣው ስም የብሪታንያው የኢኮኖሚክስ ምሁር ዊልያም ቤቨሪጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1942፣ ያቀረበው ሪፖርት መንግሥት ሊዋጋቸው የሚገቡ አምስት ግዙፍ ጠላቶችን ዘረዘረ፤ እነርሱም ማጣት፣ በሽታ፣ ድንቁርና፣ የመኖሪያ ጉስቁልናና ሥራ ፈትነት ናቸው። ሐምሌ 5 ቀን 1948 የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ሲጀምር የጤና ሚኒስትሩ አኒዩሪን ቤቫን ነበር፤ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የቤት ግንባታውም በዚያው ሚኒስቴር ሥር የነበረ መሆኑ ነው። ሪቻርድ ቲትመስ በ1950 በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የዘርፉ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾም ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ የራሱን ወንበር አገኘ። እነዚህ ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ለዚህ ትምህርት ከቀበሌ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራይ ተቀነሰ፣ ተከራዩም ከአከራዩ ፍርሃት ወጣ። ለድኃው ይህ ትልቅ ነገር እንደነበር መካድ አይገባም፤ ዛሬም ድረስ በመሀል አዲስ አበባ በጥቂት ብር የሚኖሩ፣ ለገበያና ለቀን ሥራ ቅርብ የሆኑ ቤተሰቦች በዚያ አዋጅ የተጠለሉ ናቸው። ነገር ግን ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት በዚያው መጠን ሲቆይ ቀበሌው ቤቱን የሚያድስበት ገቢ አጣ፤ ተከራዩም በራሱ ገንዘብ ለማደስ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፣ የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ ማፍሰስም ይከብደዋል። ጭቃው ተሰነጠቀ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ብዙ አባወራዎች አንድ መጸዳጃ ይጋሩ ጀመር። ያ ሕፃን የሚስለው በዚህ መካከል ነው። ርኅሩኅ የሆነ ሕግ የጥገና ገንዘብ ካልተመደበለት ከዓመታት በኋላ በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ በሽታ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል ተማሪው የሚረዳው ከዚህ ነው።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለዚህ ችግር አንድ መልስ ሆኖ ቀረበ። ዕጣ የወጣላቸው ቤተሰቦች የራሳቸው መጸዳጃ፣ የራሳቸው ማብሰያ ቤትና መስኮት አገኙ። ቅድመ ክፍያውን ወይም የባንኩን ዕዳ ያልቻለው ግን ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ጠባብ ክፍል ሲከራይ ታይቷል። ወደ ከተማው ዳርቻ የሄዱትም ከዕድራቸው፣ ከጉልታቸውና ከደንበኞቻቸው ተለዩ። በእኔ እምነት ቤትን በካሬ ሜትር ብቻ መለካት የዚህ ዘርፍ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ትራንስፖርቱና ጎረቤቱም የቤቱ አካል ናቸው።

በጤና በኩል በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት የሠለጠኑ ሴቶችን መድቦ 16 የጤና አገልግሎት ፓኬጆችን ቤት ለቤት አደረሰ። ከፓኬጆቹ መካከል የመጸዳጃ አሠራርና ጤናማ የመኖሪያ ቤት አያያዝ ይገኛሉ፤ የቻድዊክ ሐሳብ በሌላ ዘመንና በሌላ አገር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ የዘርፉን ዋና ክርክር ፊት ለፊት ያመጣዋል፦ አገልግሎት ለሁሉም ይሰጥ ወይስ ለችግረኛው ተለይቶ? አባወራው በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፣ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይሸፍናል። ታዲያ መክፈል የማይችለው ማን ነው? በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሞች ሲነበቡ አንዷ መበለት አንድ ላም ስላላት ብቻ ከዝርዝሩ ልትወጣ ትችላለች፤ ሌላው ድኅነቱ በአደባባይ እንዳይነገር አፍሮ ሳይመዘገብ ይቀራል። መለየት ገንዘብ ይቆጥባል፣ የሚለየውን ሰው ክብር ግን ይነካል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ጤናን፣ ንጹሕ ውኃንና መኖሪያን ለኢትዮጵያውያን ሁሉ ለማዳረስ ያስቀመጠው ዓላማ «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» በሚል ሐረግ የታሰረ ነው። አቅሙን ማን ይለካዋል፣ በየትኛው የበጀት ዓመት? ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

በመስክ ልምምድ ጊዜ ተማሪው ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ወደ አንድ ግቢ ይገባል። የክፍሉን ስፋት ይለካል፣ የሚያድሩበትን ሰዎች ይቆጥራል፣ አንዱን መጸዳጃ ስንት አባወራ እንደሚጋራው ይጠይቃል። ከዚያ የወረዳውን በጀት ከፍቶ ለቤት ጥገና የተመደበ ገንዘብ መኖሩን ያያል። በመጨረሻም ወደ እናትየው ተመልሶ ጣራው እንዲጠገንላት መቼ እንዳመለከተች፣ ማመልከቻውን ለየትኛው ቢሮ እንደሰጠችና ምን እንደተባለች ይጠይቃትና መልሷን ከነቀኑ ይመዘግባል።