የአስም ጭንቀት ሕክምና በኦንላይን፦ ሲቢቲ ምንድን ነው?

አስም ያለበት ሰው አስሙን ብቻ አይደለም የሚፈራው። "አሁን ቢነሳብኝስ?" የሚለው ሐሳብም አለ። ይሄኛው አስሙ ጋብ ባለበት ቀን እንኳ እረፍት አይሰጥም። ሲቢቲ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ሲቢቲ (CBT፣ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና) የንግግር ሕክምና ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መሠረቱን ጥሎለታል። የምናስበው፣ የሚሰማንና የምናደርገው ነገር የተያያዘ ስለሆነ አንዱን ስንነካ ሌላውም ይላላል፤ ሐሳቡ ይሄው ነው። በኦንላይን ሲሆን ትምህርቱና የቤት ሥራው በስልክ ወይም በኮምፒውተር ይመጣል፣ ሠርታችሁ ትልካላችሁ፣ ቴራፒስቱ አንብቦ ይመልስላችኋል። ስዊድን ውስጥ የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በተለይ ለአስም ጭንቀት የሚሆን አዘጋጅተው ሞክረዋል።

አስምና ጭንቀት በጣም ይምታታሉ። ሁለቱም ትንፋሽ ያሳጥራሉ፣ ደረት ያጨናንቃሉ። ሰው ሲፈራ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ከደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣቱን፣ የከንፈሩን ዙሪያ ይደነዝዘዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። ይሄኔ ሳልቡታሞሉን፣ ትንፋሽ ሲያጥር ቱቦውን ቶሎ የሚከፍተውን ኢንሄለር፣ ይስባል። ሳልቡታሞል ደግሞ በራሱ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። "ይኸው ባሰብኝ!" ይላል፣ ይደግማል። ደረት ሲር ሲር ካለ፣ ሌሊት ሳል ከቀሰቀሰ፣ ወይም ፒክ ፍሎው ሜትር (ትንፋሽ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ሲነፉበት ቁጥሩ ከወትሮው ከወረደ ግን ነገሩ ወደ አስሙ ያደላል። አንዳንዴ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ።

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴት እናስብ። ዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሯት ክፉኛ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ ለአጭር መንገድም ባጃጅ ሆነ። ቅዳሜ ገበያ ቀረ። ጥምቀት ሲመጣ ሰው ይበዛል ብላ ፋሲለደስ መዋኛም መሄድ ተወች። በየመንገዱ ቦርሳዋን ትዳብሳለች፣ ኢንሄለሩ አለ? አለ። በቀረች ቁጥር ለጊዜው ቀለል ይላታል፤ ግን "ብሄድ ኖሮ አልቆልኝ ነበር" የሚለው ሐሳብ እውነት ይሁን አይሁን የምታይበት ዕድል አታገኝም፣ ስለዚህ ፍርሃቱ እያደር ይጠነክራል።

ሲቢቲ ይህን በደረጃ ይፈታል። መጀመሪያ ሜዳውን በእግሯ፣ ቀጥሎ አጭር ዳገት፣ በኋላ ወደ ጎሃ ኮረብታ ከሚወጣው መንገድ ጥቂቱን። ሳትወጣ የምትፈራውን ትጽፋለች፣ ስትመለስ የሆነውን። ልቧ ሲመታና ሲያልባት ቶሎ ሳትሸሽ ትንሽ ትቆያለች።

እዚህ ላይ አደራ፦ ጢስ ውስጥ ገብታችሁ ተለማመዱ የሚል የለም። የከሰል ጢስ፣ ዕጣን፣ የሚቆላ በርበሬ የአስምን የመተንፈሻ ቱቦ የምር ያስቆጣሉ። ቡና ተጠርታችሁ "ዕጣኑን ተዉልኝ" ማለት ጥንቃቄ ነው፤ ጎረቤት ይቀየመኛል ብላችሁ አትታፈኑ። ከቡናውና ከጨዋታው ጭራሽ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሲቢቲ የሚነካውም እሱን ነው። ይሄን ልዩነት የማይለይ ቴራፒስት ካጋጠማችሁ ደግማችሁ ንገሩት።

ሕክምናው መድኃኒት አይተካም። በየቀኑ የሚሳበው ኢንሄለር ከታዘዘላችሁ አታቋርጡት፤ አስሙ ሳይረጋጋ ልምምዱ አይጀመርም። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ሳልቡታሞል ካላስታገሰ፣ ወይም ፒክ ፍሎው ከራሳችሁ ምርጥ ቁጥር ከ50 በመቶ በታች ከወረደ ጭንቀት ይሁን አስም እያላችሁ አታሰላስሉ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ጎንደር ያላችሁ በመጀመሪያ የአስም ሐኪማችሁን አማክሩ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው፣ ስለ ሲቢቲ እዚያ መጠየቅ ይቻላል። እስከዚያው ደብተር ያዙ፦ ትንፋሽ ሲያጥር የት ነበራችሁ? ምን አሰባችሁ? ፒክ ፍሎው ስንት አለ? ከግማሽ ሰዓት በኋላስ? ካርድ ስታወጡ ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ።